ባለጭምብሎቹና የጋሽ ተስፋዬ ምሳ

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ሐያት አዲስ ቴሌቪዥን ገዝታ ደሴ ሆጤ ሰፈር ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ አሰቀለችልኝ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የጦሳ ተራራ ከነአካቴው በጉም ተውጧል። እኛ ጋቢ ደርበን የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠምን አንድ የሱፐርሂሮ ፊልም ከፈትን። ሲያልቅ ሐያት ወደ እኔ ዞር ብላ፣

"እሺ እማ፣ እንዴት አገኘሽው?" አለችኝ።

"ከተማውን ሁሉ አፈራረሱት" አልኳት። "የማን ቤት እንደፈረሰ ግን አንድም ሰው አልጠየቀም።"

ሳቀች። በእኔ ዕድሜ ያለች የደሴ ሴት ስለ በራሪ ጀግኖች ሐሳብ ይኖራታል ብሎ የሚጠብቅ የለም። እኔ ግን ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ የኮሚክስ፣ የባለሥዕል ታሪክ መጽሔቶች ወዳጅ ነኝ። ፊልሞቹንም ያላየሁት ጥቂት ነው፤ ቅሬታዬ ደግሞ ብዙ ነው። ቀለማቸው ጥላሸት የነካው ይመስላል። በመጽሔቶቹ ቀዩ ቀይ ነበር፣ ቢጫውም ቢጫ። ጩኸታቸውም በዝቷል። ተከታታይ ድራማዎቹ ይሻሉኛል፤ ቢያንስ ጀግናው ቤቱ ገብቶ እራት ሲበላ፣ ከእህቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ለማየት ጊዜ ይሰጡናል። ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን የጭምብሉ ነገር ነው። የተዋናዩ ፊት እንዲታይ ይሁን እንጃ፣ ፊልሙ ገና ሳይጋመስ ጭምብሉን አውልቆ ስሙን ላገኘው ሁሉ ይናገራል። በመጽሔቶቹ ስም እንዲህ እንደዋዛ አይነገርም ነበር። ስም ከወጣ የሚጎዳው ኃያሉ ሳይሆን ቤት የቀረው ዘመዱ ነዋ።

"ኧረ እማ፣ ፊልም እኮ ነው!" አለች ሐያት።

እውነቷን ነው። ስም መናገር ምን እንደሚያመጣ የተማርኩት ከመጽሔት እንዳልሆነ ለልጄ ነግሬያት አላውቅም።

ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ደሴ ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ሩት ትባል ነበር። የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ደሴ አክስቷ ቤት እየኖረች ትማርና ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አባቷ ትወርዳለች። አባቷ ጋሽ ተስፋዬ መካኒክ ነበሩ። ባለቤታቸው ሞተውባቸው ሩትን ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። እነሱ ጴንጤ፣ እኛ እስላም፤ በዚያ ጊዜ ይህ በእኔና በሷ መካከል ምንም አልነበረም።

ጋሽ ተስፋዬ መኪናቸውን ይጠግኑላቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች አገሩን ለቀው ሲሄዱ፣ ልጆቻቸው ያነበቧቸውን ባለሥዕል መጽሔቶች በካርቶን ትተውላቸው ነበር። አንድ ቅዳሜ ሩት "ነይ የማሳይሽ አለ" ብላ ወሰደችኝ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ መቅረት አቃተኝ። ከደሴ ስንነሳ በብርድ እንንቀጠቀጣለን፤ አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ አየሩ ይለዝባል፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን አውልቀን ወገባችን ላይ እናስራለን። ፓፓያ ገምሰን ሰሌን ላይ በሆዳችን ተኝተን፣ መዝገበ ቃላት መሐላችን አድርገን እናነባለን። ጋሽ ተስፋዬ ግራሶ የነካው እጃቸውን በላምባ አጥበው ሲገቡ፣ "ዛሬስ ማንን አዳነው?" ይሉናል። የከለከሉን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጽሔቶቹ ከቤት እንዳይወጡ።

እኔ አወጣሁ። ለሩት እንኳ አልነገርኳትም። ታሪኩ የሚያልቅበትን ለማየት ቸኩዬ አንዱን ደብተሬ ውስጥ ሸጉጬ ወደ ደሴ ወጣሁ። ማክሰኞ ዕለት የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን ካድሬ ክፍል ውስጥ ያዘኝ። ሩት በዚያ ቀን አሟት ቀርታ ነበር።

ቢሮው ወስዶ መጽሔቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና ጀግናው ልብስ ላይ የተሳለውን ባንዲራ በጣቱ ነካ። "ይሄ የማን ባንዲራ ነው?"

መልሴን ሳይጠብቅ ሽፋኑን ገለበጠው።

"ማን ሰጠሽ?"

"ማንም።"

"ከሰማይ ወረደልሽ?" ብሎ ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "አባትሽ ሐሰን ልብስ ሰፊው ናቸው አይደል? ደህና ሰው ናቸው። በአንቺ ምክንያት ችግር ላይ እንዳይወድቁ" አለኝ።

አልመታኝም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ተገርፌ ነው ብዬ እንዳላመካኝ ነው፤ አልመታኝም። "ከኮምቦልቻ ነው" አልኩ። "ከሩት አባት ከጋሽ ተስፋዬ።"

ሩት በማግሥቱ ድና መጣች። ሦስት ቀን አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ሦስት ቀን ሙሉ ልነግራት አፌን እየከፈትኩ መልሼ ዘጋሁት። አርብ ከሰዓት "ነገ እንሄዳለን?" አለችኝ።

"ራሴን አሞኛል" አልኳት።

ሰኞ ቦታዋ ባዶ ነበር። የአብዮት ጥበቃዎች ቅዳሜ ጠዋት ቤቱን ፈትሸው መጽሔቶቹን አገኙ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ ምእመናኑ እዚያ ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር፣ መጽሐፍ ቅዱሶችና የመዝሙር ደብተሮችም ተገኙ። ጋሽ ተስፋዬን ወሰዷቸው። የሩት አክስት ባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ የእስረኛ ዘመድ እንዳይባል ፈርቶ ልጅቷን ከትምህርት አስቀርቶ ቤት ዘጋባት።

ያን ቀን አባቴ ሱቅ ገብቼ ሁሉንም ተናገርኩ። አባባ የስፌት መኪናውን አቆመ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሻሽቶ፣

"ያረቢ! ሰውየው ምሳ የሚያመጣለት አለ?" አለኝ።

"የለም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ማልቀሱን ተይውና ሥሪ። ሥጋ እንዳታገቢበት፤ የእኛን እርድ ላይበሉ ይችላሉ። ምስር ይሁን።"

"እኔ ነኝ የማደርሰው?"

"ታዲያ ማን ያድርስልሽ?"

እሑድ እሑድ አብረን ወደ ኮምቦልቻ እንወርድ ጀመር። አባባ ከመንገዱ ማዶ ይቆማል፤ እኔ ሰሃኑን ይዤ ከእስር ቤቱ በር ላይ እሰለፋለሁ። ጠባቂው ክዳኑን ከፍቶ "ቅመሺ" ይለኛል። ዓይኑ ሥር አንድ ጉርሻ እውጣለሁ። ከዚያ መጠበቅ ነው። ሰሃኑ ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው አለ ማለት ነው። አንድ እሑድ ምግቡ እንዳለ ተመለሰ፤ ማንም ምክንያቱን አልነገረንም። ያን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ ሰሃኑ ባዶ ሆኖ ሲወጣ፣ አባባ ከማዶ ሆኖ "አልሐምዱሊላህ" ሲል ድምፁን ሰማሁት።

ክረምቱ ገብቶ ወጣ። ጋሽ ተስፋዬ የተፈቱት በጥቅምት ነው። ፀጉራቸውን ተላጭተው፣ ግራ እጃቸውን አጥፈው ይዘው አባባን ለማመስገን ደሴ ሱቁ ድረስ መጡ። ጣቶቻቸው አይዘረጉም ነበር። አባባን አቅፈው ከሳሙ በኋላ ወደ እኔ ዞሩና፣ "ሰዓዳ፣ ምስርሽ ጨው ይበዛበት ነበር" ብለው ሳቁ። እኔ ግን እጃቸውን ነበር የማየው። እውነቱን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ጊዜ አልነበረም፤ አልተናገርኩም። ወር ሳይሞላ ሩትን ይዘው ወደ ሌላ አገር ሄዱ።

ሩትን መልሼ ያገኘኋት ሁለታችንም ልጆች ወልደን ካሳደግን በኋላ፣ ጋሽ ተስፋዬ ሞተው አስከሬናቸው ኮምቦልቻ መጥቶ ሲቀበር ነው። ለቅሶ ቤቱ ጭር ሲል አጠገቧ ተቀምጬ፣ "ሩትዬ፣ ስማቸውን የሰጠሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "አውቃለሁ" አለች። "በታሰረ በመጀመሪያው ቀን ነው ለአባቴ የነገሩት፤ 'የልብስ ሰፊው ልጅ ነች ስምህን ያወጣችው' አሉት።"

ምስሩን ሲበሉም፣ ሱቁ ውስጥ ቆመው ሲስቁም ያውቁ ነበር!

"ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?"

"ከወጣ በኋላ ለእኔ ነገረኝ። እንዳልነግርሽ አስማለኝ። 'ስሜን የሰጠችውም በየእሑዱ በር ላይ የቆመችውም ያቺው ልጅ ናት፤ አንዷን ከሌላዋ መለየት አቃተኝ' አለኝ።"

"ይቅር ብለውኝ ነበር?"

ሩት ነጠላዋን አስተካከለች። "እሱን አልጠየቅኩትም። እኔ ግን ለብዙ ዓመት ይቅር አላልኩሽም፣ ሰዓዳ። እጁን በየቀኑ የማየው እኔ ነበርኩ።"

አሁንስ ብዬ ልጠይቃት ፈራሁ። እስኪመሽ ድረስ ጎን ለጎን ተቀምጠን ሰው ስናስተናግድ ዋልን።

ሐያት ይህን ሁሉ አታውቅም። አንድ ቀን እነግራት ይሆናል። ፊልሞቹን ማየቴንም አልተውኩም፤ በመጨረሻቸው ላይ ጥፋተኛው ወይ ይሞታል፣ ወይ ይታሰራል፣ ወይ ተጸጽቶ አንድ ትልቅ ጀብዱ ይሠራል። ይህን ሁሉ ዓመት ሳነብም ሳይም፣ ራሱ ለበደለው ሰው ምሳ ይዞ በር ላይ የሚሰለፍ፣ ሰውየውም እያወቀ የሚበላለት አንድም ታሪክ አላገኘሁም። ባገኝ ኖሮ መጨረሻው እንዴት እንደሚሆን አየው ነበር።