ያልቀመስሁት ድንች

ዘመኑን ልኩን አላስታውሰውም። ድንች የሚነቀልበት ሰሞን ነበር፤ እሱን አውቃለሁ። አፈሩን መለወጤን አገሩ ሁሉ ሰምቶታል። አሁን የምነግራችሁን ግን ከአንድ ሰው በቀር ለማንም አልተናገርሁም።

ከደብረ ታቦር ዝቅ ብሎ፣ ከማሳዬ ራስጌ፣ አሮጌ የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳስ የሚያቀልጡበት ግቢ ነበር። እጣቢው በቦይ ወርዶ በእኔ ማሳ ያልፍና ከግርጌዬ ወደምታርሰው ጎረቤቴ ይዘልቃል። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አንድ ቀን አፈር የሚመረምሩ ሰዎች መጡና፣ “አባባ፣ ከቦዩ ዳር አፈር ያምጡልን፤ መርዝ እንዳለበት እናያለን” ብለው ላስቲክ ሰጡኝ። እኔ ምን አደረግሁ? መርዝ ተገኘበት ከተባለ ድንቼን ገበያ ላይ ማን ያነሳዋል ብዬ ሽቅብ ወጣሁ። ከቤቴ ጓሮ፣ ያ ውኃ ደርሶበት ከማያውቅ መሬት ዛቅ አድርጌ ሰጠኋቸው። አፈሩ ንጹሕ ነው ተባለ። ጎረቤቴም ይህን ሰምታ ከቦዩ ዳር ጎመን ተከለች።

አፈሩን የለወጥሁ እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ታዲያ ከዚህ የሚከፋው ምን መሰላችሁ? እኔ ከዚያ ማሳ አንዲት ድንች አልቀመስሁም። የጓሮዬን እየበላሁ የቦዩን ዳር እሸጥ ነበር። አላወቅሁም እንዳልል አፌ ያውቅ ነበር። የማላውቅ ብሆን እበላው አልነበር?

ክረምትና በጋ ከተፈራረቁ በኋላ፣ በሁዳዴ፣ ጎረቤቴ አንድ እቅፍ ጎመን ይዛልኝ መጣች።

“አያ ሞላ፣ ለጾምዎ ነው። ለጋ ነው፤ ጥርስ የለኝም እንዳይሉኝ።”

መቀበል አቃተኝ። “አትብሉት፣ ልጄ” አልኋትና ሁሉንም ዘረገፍሁላት። ሰምታኝ ስታበቃ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

“አንቱስ ይበሉት ነበር?”

“አልበላም ነበር።”

ጎመኗን ታቅፋ ተመለሰች።

በማግስቱ ስትመጣ ልትሰድበኝ መስሎኝ ነበር፤ ይገባኝም ነበር። እሷ ግን፣ “ይነሱ፣ አብረን እንሂድ። ብቻዎን ቢሄዱ መንገድ ላይ ሐሳብዎን ይለውጣሉ” አለችኝ። አፈር መርማሪዎቹ ዘንድ ሄደን ተናዘዝሁ። አፈሩ እንደገና ታየ፤ እርሳስ ተገኘበት። ግቢው ተዘጋ። ልጆቿንም ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ እርሳሱ የትንሹ ደም ውስጥ ገብቶ ነበር። ሲታይ ቆይቶ ቀነሰለት ተባልን። ዛሬ ይሮጣል፣ ይጫወታል። ያ አፈር ምን እንዳጎደለበት ግን አላውቅም፤ የሚነግረኝም የለም።

አሁን ቦዩ ዳር ባሕር ዛፍ ነው። የጓሮዬን መሬት ከጎረቤቴ ጋር ለሁለት ተካፍለን እናርሳለን፤ ድንቹ ሲደርስም ከአንድ ድስት እንበላለን። ደስ ብሎኝ እኖራለሁ፣ አልዋሽም። ደስታዬ ግን በደሌን አያጥብልኝም። ሆዴን ለይቼ ሌላውን አብልቻለሁ፤ ለዚህ ምክንያት አላቀርብም። ይቅር በሉኝ ለማለትም የደፈርሁት አንድ ሰው አስቀድሞ ይቅር ስላለኝ ነው። እናኑ ትባላለች።