ለገመቹ ያላነበብኩለት ወረቀት

ባለፈው ወር አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቡራዩ ቤቴ ተቀምጬ የተቀቀለ የበቆሎ እሸት ስፈለፍል ልጄ ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቀነችው። «አባዬ፣ ይኼን እይ፤ ሰውነታችን ውስጥ እንዲህ የሚሄድ ነገር አለ!» ሁለት እግር ያላት ጢንጥዬ ነገር ከራሷ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ድብልብል ጭነት ተሸክማ ቀጭን መስመር ላይ እየተንገዳገደች ትራመዳለች። ልጄ በአረማመዷ ትስቃለች። እኔ «ጥሩ ነው» ብዬ በቆሎውን አስቀመጥኩና ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሚስቴ ጨጓራዬ የተነሳ መስሏት ወተት ላሙቅልህ ወይ አለችኝ። ጨጓራዬ አልነበረም፤ ገመቹ ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት ሰበታ ነበር የምንኖረው። አባቴ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ገመቹ የሱሉልታ ገበሬ ልጅ ነው፤ ዓይነ ስውር ስለሆነ ገና በልጅነቱ ሰበታ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አምጥተውት ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ከእኛ ጋር ተቀላቀለ። አስተማሪው አጠገቤ አስቀመጠውና በዚያው ቀረ። ሰሌዳ ላይ ያለውን ድምፄን ዝቅ አድርጌ አነብለታለሁ፣ እሱ በብሬል ይጽፋል። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ክርኔን ይዞ በጅማ መንገድ ዳር ዳሩን እንሄዳለን። የጭነት መኪና ሲያልፍ ነፋሱ ሁለታችንንም ገፋ ያደርገናል፤ እሱ ከድምፁ ብቻ የተጫነ ይሁን ባዶ ይነግረኝ ነበር።

እናቱ አዴ ጫልቱ ከሱሉልታ ሲመጡ በቅቤ የራሰ ጭኮ ይዘው ነው። የእኔን ለብቻው ቋጥረው «ለሚያነብልህ ልጅ ስጠው» ይሉታል። ይኼን ሳስታውስ ዛሬም አፍራለሁ።

አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ላይ ናቹራልና ሶሻል የምንለይበት ጊዜ ደረሰ። ዓይነ ስውር ተማሪ ሶሻል መግባቱ ሕግ ይሁን ልማድ አላውቅም፤ ብቻ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ገመቹ ጠየቀ። ባዮሎጂ ነፍሱ ነበር። የባዮሎጂ መምህራችን ቲቸር ደረጀ ከዩኒቨርሲቲ ያስቀራትን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ጥቂት ቅጠል ፎቶ ኮፒ አወጣና እጁ ላይ አደረገለት።

«ስለ ሞተር ፕሮቲን ነው» አለው። «ዓርብ መጥተህ ለእኔና ለዩኒት ሊደሯ አስረዳን። ሥዕሉን ሳታይ ይኼ ከገባህ፣ ናቹራል እንድትገባ ዳይሬክተሩ ዘንድ የምሟገትልህ እኔ ነኝ።»

ረቡዕ ከሰዓት ከክፍላችን ጀርባ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጥን። ግንቦት ነው፤ ሰማዩ ጠቆር ብሏል፣ መሬቱ የጠዋቱን ዝናብ ይሸታል። ጭኮውን መሐላችን አድርገን እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብለት ጀመር። ሴል ውስጥ እንደ ሐዲድ የተዘረጉ ክሮች አሉ፤ ሞተር ፕሮቲን የሚባለው በሁለት እግሩ እዚያ ላይ እየተራመደ ጭነት ከቦታ ቦታ ያደርሳል። ገመቹ በትሩን ጭኑ ላይ አጋደመና ሁለት ጣቶቼን ይዞ በትሩ ላይ አራመዳቸው።

«እንዲህ?»

«ልክ እንደሱ።»

«ሁለቱም እግሩ ባንዴ ከለቀቀስ?»

«ይወድቃል።»

«ስለዚህ አንዱ ሳይረግጥ ሌላው አይነሳም» አለና ፊቱ በራ።

ማንበቤን ቀጠልኩ፤ አንዱ ሞተር ብቻውን ብዙ ሳይርቅ ከሐዲዱ ይወድቃል። ብዙ ሆነው አንድ ጭነት ሲይዙ ግን አንዱ ቢለቅ ሌሎቹ ይዘው ይቆያሉ፣ የለቀቀውም ተመልሶ ይይዛል፤ በዚህ መልክ ሩቅ ይደርሳሉ። «ደቦ ነዋ!» አለ ገመቹ። ቀጥሎ ግን ግራ የሚያጋባው መጣ። እዚያው ጭነት ላይ አንዳንዶቹ ወደ ሴሉ ዳር፣ ሌሎቹ ወደ መሐል ይጎትታሉ።

«ታዲያ አይጣሉም?» አለኝ።

መልሱ የሚቀጥለው ቅጠል ላይ ነበር። እንግሊዝኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ከዓለም ገና ልጆች ጋር ግጥሚያ አለን። ሜዳው ላይ ልጆቹ ኳስ ሲያንጠባጥቡ ይሰማል። ሁለት ቅጠል ባንዴ ገለበጥኩ።

ገመቹ ማላመጡን አቆመ። «ሁለት ነው የገለበጥከው?»

«አንድ ነው።»

«እሺ። አይጣሉም ወይ?»

«ይጣላሉ እንጂ። ያንዱን ወገን ብታወጣው ሌላው ያለ ከልካይ ይሮጣል።»

ከራሴ ያወጣሁት ነው። ገመድ ጉተታ ላይ እንደዚያ አይደል የሚሆነው? እንኳን እሱን፣ ራሴንም አሳምኜ ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ዓርብ ዕለት ገመቹ የቲቸር ደረጀ ጠረጴዛ ላይ ጣቶቹን እያራመደ አስረዳ። እንዲህ ጥርት አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ቲቸር ደስታውን መደበቅ አቃተው። ዩኒት ሊደሯ እጃቸውን አጣጥፈው ያዳምጣሉ፤ ከጅምሩም ሐሳቡን አልወደዱትም። በመጨረሻ ቲቸር «ወደ መሐል የሚጎትቱትን ብናስወግዳቸው ጭነቱ ምን ይሆናል?» ብሎ ጠየቀው።

«ወደ ዳር ይፈጥናላ! የሚከለክለው የለም።»

ቲቸር «ወረቀቱ ተቃራኒውን ነው የሚለው፣ ገመቹ። ብዙ ጊዜ ጭነቱ ይቆማል። ተቃራኒ ቢጎትቱም ያንዱ ወገን ሥራ ያለ ሌላው አይሆንም» አለው።

«በቃ ደረጀ፣ ልጁን አታድክመው» አሉ ዩኒት ሊደሯ። የፈለጉትን ሰበብ አገኙ። «ሥዕል የሚፈልግ ትምህርት ነው።»

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። «እኔ ነኝ የዘለልኩት» ሦስት ቃል ናት። አላወጣኋትም። ገመቹ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ወደ እነሱ ተመለሰና «እኔ ነኝ ያልገባኝ፣ ቲቸር» አለ።

እሱ ሶሻል ገባ፣ እኔ ናቹራል ገባሁ። ዛሬ ቡራዩ ውስጥ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ፤ እሱ ሰበታ ታሪክ ያስተምራል። በዓል ሲመጣ እንደዋወላለን፣ ያንን ቀን ግን አንሥተነው አናውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። የወጋሁት እኔ ሆኜ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ከዚያ እሑድ በኋላ አላስችል ብሎኝ ሰበታ ሄድኩ። በዕረፍት ሰዓቱ ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ጠበቅሁት። «አካም ጂርታ፣ ታዴ!» ብሎ ትከሻዬን ጨበጠ። ሻዩ እንደቀረበ ድፍረቴ ሳይከዳኝ ተናገርኩ።

«ያን ቀን ሁለት ነበር የገለበጥኩት።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሁለት ወረቀት ሲገለበጥ ድምፁ ይወፍራል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ? ቲቸር ፊትስ?»

ስኳሩን ሲያማስል ቆየ። ሲመልስልኝ ቁጣ የለበትም፤ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ነው። «ብትኮርፍ ሰኞ ሒሳቡን ማን ያነብልኛል? ማክሰኞስ? ሌላ ሰው ነበረኝ እንዴ?»

ያቺን ወረቀት እንደምንም ፈልጌ አነብልሃለሁ ብዬ ቀባጠርኩ። ከት ብሎ ሳቀ። «ተወው ባክህ! አሁን ስልኬ ያነብልኛል። እሱ ደግሞ ኳስ አይጫወትም።»

እኔም ሳቅሁ። ይቅር እንዳለኝ አልጠራጠርም፤ ምናልባትም ከበደልኩት ቀን ጀምሮ ይቅር ብሎኛል፣ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው። ሻይ ቤቱ እስከገባሁበት ቀን ድረስ ይቆጨኝ የነበረው አንድ ረቡዕና አንድ ዓርብ ነው። ከሰበታ ከተመለስኩ ወዲህ ግን አብረን የተቀመጥንበትን ሁለት ዓመት በሙሉ እያሰላሰልኩ ነው፤ በቀልዴ የሳቀባቸውን፣ ክርክር ጀምሮ «ልክ ነህ» ብሎ የተወልኝን ቀኖች ሁሉ። ወዶኝ የትኞቹን፣ ፈርቶኝ የትኞቹን እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ነበር። አልደፈርኩም።