የከድሮ አፍ የሚፈታው ቪዲዮ ቤት ነው

ቡታጅራ ውስጥ ከድሮ ቪዲዮ ቤት ሲገባ ፊልሙ ሳይጀምር ሰው ያለቅሳል። ከድሮ የበርበሬ ወፍጮ ቤት ነው የሚሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰዉን በርበሬ ሲፈጭ ይውልና ኮቱን ቢያራግፍ፣ ፊቱን ቢታጠብ፣ ከስፌቱ ውስጥ አልወጣ ያለ ብናኝ አለ። በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን ሲያስገባ የፊተኛው አግዳሚ ያስነጥሳል፣ ሁለተኛው ይቀበላል፣ የኋላው ዓይኑን ያሻል። ዞር ብሎ ማየት አያስፈልግም፣ ከድሮ መጥቷል ማለት ነው። ከዚያ እሱ ከተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ሰው ፈቀቅ፣ ደግሞ ፈቀቅ ይልና ቤቱ ጢም ብሎ ሰው ቆሞ እያየ እንኳ የከድሮ ግራና ቀኝ ባዶ ይሆናል።

ካሴቱ እየቀረ ሲዲ የገባበት ጊዜ ነው። ከድሮ ድሮ በወር አንዴ ብቅ ቢል ነበር። ያን ወር ግን፣ ዐረፋ ወር ሲቀረው ጀምሮ፣ መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ እግሩ ወደዚያው ነው። ምክንያቱን ከተማው ያውቀዋል። ሚስቱ ሳሌሃ አኩርፋ አባቷ ቤት ገብታለች።

ምን አደረገሽ ሲሏት የምትለው ጠፋት አሉ። አልመታት፣ አልሰደባት፣ ከሌላ ሴት ጋር አልታየ። ነገሩ ከድሮ አያወራም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ቢጮኹም አይሰማማ፤ እዚያ ወሬ በእጅ ነው። ጣት ከተሻሸ ይላም፣ መዳፍ ከተዘረጋ ይበቃል። ይህን ለምዶ ቤት ሲገባም የሚያመጣው እጁን እንጂ አፉን አይደለም። ሻይ ሲፈልግ ብርጭቆውን ያዞራል። ጨው ሲያንስ ጣቱን ያሻሻል። ሳሌሃ አራት ዓመት ብቻዋን አወራች፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዶሮዋ፣ ስለማይመጣው ልጅ። አንድ ማታ ወሬዋን መሐል ላይ አቋርጣ፣ እስቲ «ከዚያስ?» ይለኝ እንደሆን ብላ ጠበቀች። እሱ ሆዬ ብርጭቆውን አዞረ። በማግስቱ ልብሷን ቋጥራ ሄደች።

ዐረፋ ደግሞ እዚያ አገር የዋዛ በዓል አይደለም። መርካቶ የከረመው ዘመድ ሁሉ መኪና ሞልቶ ይገባል። ከበዓሉ በፊት የሴቶች ዐረፋ የሚባል ቀን አለ፤ ግድግዳው የሚለቀለቀው፣ ቆጮው የሚሰናዳው፣ ቅቤው የሚነጠረው ያን ቀን ነው። ሴት የሌለችበት ቤት ያን ቀን ከመንገድ ላይ ይለያል። ከድሮም እስከዚያ ካልመጣች አትመጣም ብሎ ልቡ ነገረው። ግን ለማን ይንገር? እናት አባቱ አልፈዋል፤ ያለው አንድ ወንድም አዲስ አበባ ገብቶ እንደ ወጣ ቀርቷል። ባዶ ቤት ቁጭ ከማለት ጨለማ ውስጥ ከሰው ጋር መቀመጥ ይሻላል ብሎ ቪዲዮ ቤቱን ያዘ።

የመጀመሪያው የህንድ ፊልም ነበር። የህንድ ሲሆን ዑመይር ፊት ቆሞ ይተረጉማል። ዑመይር ጅዳ ከህንዶች ጋር ሠርቶ የተመለሰ ነው፤ ሴቷን በቀጭን፣ አባቷን በወፍራም፣ አሽከሩን በአፍንጫው እያወጣ ፈረሱን ሳይቀር ይተረጉማል። ያልገባው ቦታ ሲደርስ ደግሞ ከኪሱ ይጨምራል። የዚያን ቀኑ ጎረምሳ የወደዳትን ልጅ አባቷ ቆልፎባታል። ልጁ ብቻውን ሄዶ ከግቢው በር ላይ እጁን ዘርግቶ ዝናብ እየወረደበት ዘፈነ። አባት አለቀሰ። ልጅቷን ሰጠው። ቤቱም አለቀሰ፤ ግማሹ በልጁ፣ ግማሹ በከድሮ ኮት።

መብራት ሲበራ ከድሮ ሳያስበው አፉ ተከፈተ። ጆሮው የወፍጮ ስለሆነ ቀስ ብሎ ያወራ መስሎት ይጮኻል።

«ያን ያህል ዘበኛ እያለ አንድ ሰው እንኳ ግባና ተጠለል አይለውም?»

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ከድሮ ደነገጠ። ከዚያ ደስ አለው። ለካ ወሬ እንዲህ ነው፤ አንተ ትወረውራለህ፣ ሰው ይቀበልሃል።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው። የቻይና ፊልም ታየ፤ አባቱን የገደሉበት ልጅ ተራራ ላይ ሃያ ዓመት ቡጢ ተለማምዶ ወረደና ገዳዩን አገኘው። ከድሮ ይህን አልወደደውም። ሃያ ዓመት ሙሉ ማን አበላው? ደግሞ ሲያገኘው ሰውዬው ጃጅቷል፤ ትንሽ ቢታገሥ በራሱ ይሞትለት ነበር አለ። የአሜሪካኑን አየና መኪና እንደ ፈንዲሻ የሚፈነዳበት አገር መንገዱን የሚጠርገው ሰው ያሳዝነኛል አለ፣ ሳቁለት። አስከትሎም ሰውዬው ያን ሁሉ ሕዝብ አድኖ ቤቱ ሲገባ መብራቱን ያበራው ራሱ ነው አለ። በዚህኛው ማንም አልሳቀም።

አንድ ቀን የአማርኛ ፊልም መጣ። ባልና ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጠው ትወጂኛለሽ፣ አትወደኝም ሲባባሉ አምሽተው ተፋቱ። ከድሮ ሥራ የሚሄድ ሰው የለም እንዴ ብሎ ጀመረና ድንገት ሌላ ነገር አመለጠው።

«እነሱ ተናግረው ተጣሉ፤ እኔ ሳልናገር ተጣላሁ። የቱ ይሻላል ታዲያ?»

መልስ የሰጠው ጋሽ ይድነቃቸው ነው። ጋሽ ይድነቃቸው የጎጃም ሰው ነው፤ ግብርና ቢሮ ተመድቦ መጥቶ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ሁልጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ያያል። «እነሱ ቢያንስ በምን እንደተጣሉ ያውቃሉ» አለው።

ይቺ ቃል ከድሮን እንቅልፍ ነሳችው። በሦስተኛው ቀን ጁምዓ ነበር። ሰገደ፣ የታጠበ ሸሚዙን ለበሰ፣ ጋሪ ተሳፍሮ በእንሴኖ መንገድ ወደ አማቱ ቤት ወጣ። ብቻውን። ያ ህንድ ሲሄድ ማን ነበር አብሮት?

አማቱ ሀጂ ሀቢቡ በክብር ተቀበሉት። አስቀመጡት፣ ቆጮ በአይብ ቀረበ፣ ወተት መጣ። ወተቱን ከጓዳ በር ላይ ያቀበለች እጅ የሳሌሃ እንደሆነች አምባሯን አይቶ አወቀ፤ ፊቷ ግን አልወጣም። ሀጂ ስለ ዝናቡ ጠየቁት፣ ስለ በርበሬው ጠየቁት፣ ስለ ከተማው ሰላም ጠየቁት። ከድሮ እንደ ምንም ብሎ «ሳሌሃን…» ሲል ሀጂ ኩባያቸውን አስቀመጡ።

«ልጄ፣ ሰው የለህም እንዴ?»

ያኔ ነው ያጠፋውን ያወቀው። እዚያ አገር ያኮረፈች ሚስት በሽማግሌ ነው የምትመለሰው። ባል ብቻውን ከመጣ ወይ ንቋል፣ ወይ ዘመድ አልባ ነው። ሀጂ ቁጣም ስድብም አልጨመሩበት፤ ተመልሰው ስለ ዝናቡ አወሩ። ከድሮ ወተቱን ጨርሶ፣ አመስግኖ፣ ጋሪም ሳይጠብቅ በእግሩ ገባ።

ማታ ዑመይር ሲያየው ዘፈንክላቸው ወይ ብሎ ነካካው። ከድሮ ያ ህንድ አታለለኝ አለ። ሰው ሁሉ ሳቅ ሊል አፉን ሲያዘጋጅ ቀጠለ።

«ሰው የለህም ወይ አሉኝ።»

«እና ምን አልካቸው?» አለ ጋሽ ይድነቃቸው ከግድግዳው ሥር።

«ምን ልበል? የለኝማ።»

ጋሽ ይድነቃቸው ከግድግዳው ተነሥቶ መጣና ከድሮ አጠገብ፣ ያ ሰው የማይደርስበት አግዳሚ ላይ ተቀመጠ። አስነጠሰ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ደግሞ አስነጠሰ። ሲረጋጋ፣ እኔ ለዚህ አገር እንግዳ ነኝ፣ እስላምም አይደለሁም፣ ሽበት ግን ሽበት ነው፣ እሄድልሃለሁ አለው። ዑመይርም ጋሽ ይድነቃቸውን፣ ያለኔ ማን የአገሩን ቋንቋ ይተረጉምልሃል አለው። ሽማግሌ ሁለት አይሆንምና የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

ዐረፋ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው ሄዱ። ሽማግሌ ገብቶ ሲነጋገር ባል ውጭ ይቆያል፤ ከድሮ ከእንሰቱ አጥር ጀርባ ቆመ። የሀጂ ድምፅ ይሰማዋል፣ በአገሩ ቋንቋ። የዑመይርም ይሰማዋል፣ ለጋሽ ይድነቃቸው በአማርኛ እየመለሰ፤ የሀጂን ቃል በወፍራም ድምፅ ነው የሚያወጣው፣ ቪዲዮ ቤት ያለ መስሎታል። ነገሩ መጀመሪያ ከበደ። ሀጂ የልጄ ቅሬታ ባሏ ድዳ መሆኑ ነው አሉ።

ዑመይር ይህን ሲሰማ ሽምግልናው ጠፋው። ከድሮ ድዳ? ከድሮ ካልተናገረ እኮ ለኛ ፊልሙ አላለቀም አለ። ብድግ ብሎ የከድሮን ጩኸት አስመስሎ ይለው ጀመር፤ ዝናቡን፣ ቻይናውን፣ ፈንዲሻውን። ሀጂ ሳቁ። የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት ሳቀ። ከድሮም አጥሩ ሥር ቆሞ የገዛ አፉን ከዑመይር አፍ ሲሰማ ፈገግ አለ፤ አለቀልኝ፣ ትመጣለች ብሎ ነበር።

ሳቁ በአንዴ ተቆረጠ። ሳሌሃ ከጓዳ ወጥታ፣ በሰዎቹ መሐል አልፋ፣ ወደ አጥሩ መጣች።

«ታወራለህ አሉ።»

ከድሮ እጁን አነሣ። መልሶ አወረደው።

«ስለ ፊልም ነው» አለ።

«ቻይናውን ማን አበላው ብለህ ጠይቀሃል። እኔን በልተሻል ወይ ብለህ ታውቃለህ?»

አያውቅም። ቢፈልግ ቢፈልግ አንድ ቀን እንኳ አጣ።

«ቤቱ ዝም ብሏል፣ ሳሌሃ።»

«ድሮም ዝም ያለ ነበር።»

«ለኔ አልነበረም። አንቺ ታወሪ ነበር።»

«ለኔ ግን ነበር» አለችው።

አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ለዐረፋ እዚሁ እንደምትውል፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ልቧን ጠይቃ እንደምታስታውቅ ነገረችው። «ለሰዎችህ እህል ቀርቦላቸዋል፤ አንተም ገብተህ ብላ» ብላ ተመለሰች።

በመመለሻው አራቱም አንድ ጋሪ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። የእንሴኖን መንገድ ጨርሰው የከተማው መብራት ሲታይ ዑመይር፣ ያበላሸሁት እኔ ነኝ አይደል አለ። ከድሮ አይ፣ አንተ ያልኩትን ነው ያልከው አለው።

የሴቶች ዐረፋ ዕለት ወፍጮው ከቀትር በኋላ ተዘጋ፣ ቪዲዮ ቤቱም አልተከፈተም። ከየግቢው ቅቤ ሲነጠር ይሸታል፣ ከአዲስ አበባ የገቡ ልጆች መንገዱን ሞልተው ይንጫጫሉ። ከድሮ ቤቱን ራሱ ጠረገ፤ አቧራውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አዛወረ እንጂ አላወጣውም። ሻይ አፈላ። ሁለት ብርጭቆ አወጣና አንዷን መልሶ አስገባት። ከዚያ በሩን ገርበብ አድርጎ ተቀመጠና ወደ ጓዳው ዞሮ «በልተሻል?» አለ። ድምፁ የወፍጮ ቤት ድምፅ ሆነበት፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ጉሮሮውን ጠረገ። ዝቅ አድርጎ ደገመው። አሁንም ጩኸት ነው። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ፣ ሰው ሳያስደነግጥ የሚወጣበትን ልክ ሲፈልግ አመሸ።