በድምፅ አልባው ፊልም የመለስኩት

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እስራኤል ውስጥ፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ በሚገኝ የአረጋውያን መዋያ አንድ ድምፅ አልባ የድሮ ፊልም ታየ። በየመሀሉ ብቅ የሚለውን የዕብራይስጥ ጽሑፍ በአማርኛ የምናገረው እኔ ነበርኩ። የፊልም ማሳያ ማሽኑን የያዘው ሙላት ነው፤ ከከተማው አጠገብ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ ይሠራል፣ ሚስቱ ሞታበታለች። እኔ በልቤ ከያዝኩት ቆይቻለሁ። ከሁለታችን በቀር እዚያ ዕብራይስጥ የሚያነብ አልነበረም።

በፊልሙ መጨረሻ፣ ጎርፍ ቤቷን የወሰደባትን መበለት አንድ አናጢ «ቤቱን አብረን እንሥራው?» አላት። ተረጎምኩ። መልሷ ሲወጣ ሙላት ቀና ብሎ አየኝና አንደበቴ ተያዘ።

«ምን አለች? አንች ልጅ፣ ንገሪን እንጅ!» አሉ ከፊት የተቀመጡት እማማ ትርንጎ።

«እሺ አለች» አልኩ።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። «እሰይ! ብቻዋን ልትቀር ኖሯል?» አሉ እማማ።

ሰዉ ሲወጣ ሙላት ገመዱን እየጠቀለለ፣ «ጽሑፉ እኮ ‹ላስብበት› ነው የሚለው» አለኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካውን አውቶቡስ ወደሚጠብቅበት ሄድኩ። መሬት መሬት እያየሁ፣ «እሺ ያለችው እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ» አልኩት።