የእትዬ በርጩማ

አክስቴን፣ እኔ እትዬ የምላትን፣ ባለፈው ሳምንት ቀበርናት። ከደሴ ተዛውራ አሰብ ከመጣች ጀምሮ የሠራችው በሆስፒታሉ የአእምሮ ሕሙማን ክፍል ነበር፤ እኔንም ተማሪ ነርስ ሳለሁ ያሠለጠነችኝ እሷ ናት። በሽተኛ ስታነጋግር በርጩማዋን ይዛ ሄዳ አጠገቡ ትቀመጣለች፤ "አይዞህ" ግን ቶሎ ከአፏ አይወጣም። ጭካኔ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን፣ ልጃቸው ለውትድርና ከሄደ ወዲህ እንቅልፍ ያጡ የወደብ ሠራተኛ ተኝተው ሊታከሙ ገቡ። ገና "ልጄ..." ሲሉ፣ "አይዞዎት አባባ፣ በሰላም ይመለሳል" አልኳቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እትዬ ወደ ውጭ ጠራችኝ። "መመለሱን በምን አወቅሽ? ይህን ያልሽው ለራስሽ ነው፤ እንባቸው ስለከበደሽ። አሁን ፍርሃታቸውን ለማን ይንገሩ?"

ከዚያ፣ የቬንቲሌተሩ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ በዚያ ሙቀት፣ በየቀኑ አጠገባቸው ዝም ብላ ትቀመጥ ጀመር። በሦስተኛው ቀን፣ "ሂድ ተመዝገብ ያልኩት እኔው ነኝ" አሉና አለቀሱ። አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ብቻ፣ "ሰማሁዎት" አለቻቸው።

በለቅሶዋ ላይ ሁሉም "አይዞሽ" አለኝ። አልተቀየምኩም፤ ግን አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢቀመጥልኝ ብዬ ተመኘሁ። ዛሬ ሥራ ስገባ በርጩማዋ ግድግዳው ሥር ባዶውን ቆሟል። አዲስ የገባች እናት ታለቅሳለች። በርጩማውን አንስቼ አልጋዋ አጠገብ አኖርኩት። "አይዞሽ" ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ዋጥኩትና ተቀመጥኩ።