ሆዱ ላይ የነበሩት ሁለት ፊደላት

ቢሮ ውስጥ ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ በምሳ ሰዓት ጥፍሯን መቀባት ትወዳለች። ያ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ክፍሉን ሲሞላው ሌላው ሰው መስኮት ክፈቱ እያለ ሲቆጣ እኔ ወረቀቶቼን እያገላበጥኩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሆናለሁ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔ ሆድ ያባውን የሚያወጣው ግን ቀይ የጥፍር ቀለም ነው።

እናቴ ልዋጭ ነበረች። ሳፋና ጆግ በራሷ ተሸክማ፣ ብርጭቆ የተደረደረበት ቅርጫት በክንዷ አንጠልጥላ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ተነስታ እስከ ላይኛው ሰፈር ድረስ የዲላን ግቢዎች እያንኳኳች ፕላስቲክ ሰጥታ አሮጌ ልብስና ጫማ ትቀበል፣ የተቀበለችውንም አጥባና ጠግና በገበያ ቀን ትሸጥ ነበር። አባቴ የቡና ወቅት ሲመጣ ባንኮ ጎቲቲ የሚባል የቡና ቀበሌ ሄዶ የእሸት ቡና መፈልፈያ ማሽን ስለሚያሠራ ቤቱን ይዛ የምትቆየው እሷ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፤ የቱ ሸሚዝ ከየትኛው ግቢ እንደወጣ ግን ከወር በኋላ ብትጠይቋት አትስትም ነበር። ልዋጭ የሚኖረው በር ሲከፈትለት ነው፣ በር የሚከፈተው ደግሞ ለታመነ ሰው ነው ትል ነበር።

ያን ክረምት ግን እሷም ሳተች። የሐምሌ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛትና የስድስት ግቢ ልብስ በአንድ ጆንያ አጭቃ እየሮጠች ገባች፤ በማግስቱ አንድ የልጅ ጃኬት አንስታ ስታራግፍ ከእጅጌው ውስጥ ከባድ ነገር ወድቆ ወለሉን መታው። ርዝመቱ መዳፌን ትንሽ ያልፍ ነበር፤ ጥቁር ብረት ሆኖ ከፊቱ ጭስ መውጫ፣ ከጎኑ ጎማዎቹን እርስ በርስ የሚያያይዝ ቀጭን ክንድ ነበረው። መጽሐፌ ላይ ሥዕሉን አይቼ ስለነበር ባቡር ነው አልኩ፤ ሐዲድ የሚባል ነገር በአካባቢያችን ዝር ብሎ አያውቅምና ከሠፈሩ ልጆች በዓይኑ ባቡር ያየ አልነበረም።

ያየ ሰው ግቢያችን ውስጥ አንድ ብቻ ነበር። ጋሽ ደምሴ በወጣትነታቸው ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ላይ ሠርተው በሚስታቸው አገር ዲላ የቀሩ፣ ከእኛ ጎን ባለችው ክፍል የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። መነጽራቸውን አድርገው በሸሚዛቸው ጫፍ እየወለወሉ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ አብረውት ዋሉ። በናፍጣ የሚሄደው ሳይሆን በከሰልና በውኃ ይሄድ የነበረው ዓይነት ነው አሉ። ከሥሩ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ ምላሶች አሳዩኝና ይኼ በእጅ የሚገፋ መጫወቻ አይደለም፣ ከሐዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ እየጠጣ የሚሄድ፣ የእውነተኛውን ባቡር ልክ ቀንሰው የሠሩት ነው አሉ። ጎኑ ላይ የፈረንጅ ጽሕፈት ነበረበት፤ ከተላላጠው ቀለም ግን የተረፈው አንድ ቁጥርና የሁለት ፊደል ግማሽ ነበር። በክብሪት እንጨት የጎማዎቹን ርቀት ለኩ፣ ጎማዎቹን ደግመው ቆጠሩ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ፤ በመጨረሻ ዘመዱን መለየት እንዳቃተው ሰው አፍረው መለሱልን። አገሩን እንጃ፣ የኛ ግን አይደለም አሉ። ለእናቴ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ነገር ማንም አውቆ አይጥልም፣ አንድ ቤት ውስጥ የሚያለቅስለት አለ አሏት።

እናቴ ያን ቀን እራት አልበላችም። ሳይሰጧት የወሰደችው ነገር ቤቷ እንደገባ ነው የተሰማት። በማግስቱ ስድስቱንም ግቢ ዞረች፤ አንዳንዱ የኛ አይደለም አላት፣ ላይኛው ሰፈር ያለው የቡና ነጋዴ ቤት ግን ባለቤቶቹ ከነሠራተኛቸው በዚያው ሳምንት ለክረምት ከከተማ ወጥተው ስለነበር ያገኘችው ዘበኛውን ብቻ ነበር። ከዚያ በየደጁ አስነገረች፤ ባቡር የጠፋው ሰው ይምጣ፣ ምልክቱን የተናገረ ይውሰድ። ላምም ትሁን ነጠላ፣ የጠፋ ነገር የሚመለሰው እንደዚያ ነው፤ ባለቤቱ ሌላ ሰው የማያውቀውን ምልክት መናገር አለበት። ወደ እኔ ዞራ ባቡሩን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ሰናይት፣ አንቺ ፊደል ታውቂያለሽ። ገልብጠሽ እዪውና የተለየ ምልክት ካለው በሆድሽ ያዢልኝ። ለእኔም እንዳትነግሪኝ፤ ብዙ ሰው ያወቀው ነገር ምልክት አይሆንም።»

ጓዳ ገብቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ላይ፣ በመዳቦቹ መካከል፣ ጋሽ ደምሴ ሲያሳዩኝ ልብ ያላልኳቸው፣ በሚስማር የተጫሩ ሁለት ፊደላት ነበሩ፤ አንዱ «ና»፣ ሁለተኛው አንገቱ የተጣመመ «ት»። ወጥቼ አለ፣ አይቼዋለሁ አልኳት፤ በቃ አለችኝ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ የተከበርኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ዝናቡ ጋብ ሲል የሠፈሩ ልጆች መምጣት ጀመሩ። አንዱ ከኋላው መንጠቆ አለው ይላል፣ አንዱ በእናቴ ሞት የኛ ነው ብሎ ይምላል፣ ሌላው ቁጥር አለበት ብሎ ማንም የሚያየውን ይነግረኛል። እናቴ ወደ እኔ ትዞራለች፤ እኔ እንደ ዳኛ ትንሽ አስቤ «አይደለም» እላለሁ። ቃሉ ጣፈጠኝ። አንድ ልጅ ተሸንፎ በሄደ ቁጥር ባቡሩ ትንሽ ትንሽ የእኔ እየሆነ መጣ። ከነሐሴ አጋማሽ በኋላ አጠገቤ ሳላስቀምጠው አልተኛም ነበር።

ዓመቱ ሊለወጥ ሰው ሁሉ ቤቱን ሲቀባ እኔም ከአክስቴ ቦርሳ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥቼ ባቡሩን ቀባሁት። መጀመሪያ ጎኑን፣ ቀጥሎ ጭስ መውጫውን፣ ከዚያ ጎማዎቹን። እስከዚህ ድረስ ማስዋብ ነው፣ ልጅ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሆዱን ግን ማን ያየዋል? ሆዱን ለምን ቀባሁት? ያውም ሌላውን አንድ ጊዜ ብቻ ቀብቼ ሆዱን ሦስት ጊዜ እያደረቅሁ ደራረብኩበት። ሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ብዬ ነው የሚል መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ማንም ግን አልጠየቀኝም። እናቴ አክስቴን ስላስከፋሁ ተቆጥታኝ ተወችኝ። ሆዱን አይተውት የነበሩት ጋሽ ደምሴም መስከረም ሳይጠባ ልጃቸው ዘንድ አዳማ ሄደዋል።

አስቴር የመጣችው በጥቅምት፣ ቡናው መፈልፈል ጀምሮ የገለባው የኮመጠጠ ሽታ ከተማው ላይ ሲያርፍ ነበር። የነጋዴው ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ ደጋው አገር ቡሌ ተወልዳ ያደገች፣ ቀን ሠርታ ማታ የምትማር፣ ምናልባት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ። አውቃታለሁ። እናቴ በራቸው ላይ ሳፋዋን አውርዳ ስታርፍ ለእኔ ውኃ ይዛልኝ ትመጣ ነበር። ያን ቀን ግን ደጃፋችን ላይ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ እየጠቀለለች ትፈታ ነበር። ቤተሰቡ ከክረምት ተመልሶ የቤቱ ልጅ ባቡሩን ሲፈልግ ጠፋ፤ አሮጌውን ልብስ ለልዋጭ የሰጠችው እሷ ስለሆነች ሰርቃ ሸጠችው ተባለ። እውነት ከልብሱ ጋር ወጥቶ እንደሆነ ሄደሽ አምጪው፣ ካላመጣሽ ግን ወደ አገርሽ ተብላ ነው የመጣችው።

እናቴ ባቡሩን አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችው። ቀለሙ ቀይ መሆኑን ስታይ አስቴር ደነገጠች። እናቴ አልደበቀቻትም፤ ጥቁር ነበር፣ ልጄ ናት የቀባችው፣ ግን ጥቁርነቱን ሰፈሩ ሁሉ አይቶታልና ምልክት አይሆንሽም፣ ምልክቱ ያለው ልጄ ጋ ነው አለቻት። አስቴር ወደ እኔ ዞረች።

«ሆዱ ላይ ልጁ የስሙን መጀመሪያ በሚስማር ጽፎበታል። እኔ ቆሜ እያየሁ ነው የጻፈው። ና እና ት። ት አንገቱ ጠማማ ነው።»

እናቴ አየችኝ። በዚያ ሰዓት ስለ አስቴር አላሰብኩም፤ ነገ ባዶ የሚሆነውን የመኝታዬን ራስጌ ነው ያሰብኩት። ምላሴ ደግሞ ቃሉን ለምዶታል።

«አይደለም» አልኩ።

እናቴ ባቡሩን ገልብጣ ቀዩን ሆድ ትኩር ብላ አየችው። ከዚያ ለአስቴር ሰጠቻት። አስቴር አውራ ጣቷን ሆዱ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ አስኬደችው፤ ቀና ብላ አየችኝ፣ ባቡሩን መለሰች፣ እሺ ብላ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን ከእናቴ ጋር በዚያ ሰፈር ስናልፍ በሩ ላይ ሰው ተሰብስቦ አገኘን። የአስቴርን ሻንጣ መንገድ ላይ ከፍተው ልብሷን አንድ በአንድ እያራገፉ ይፈትሹ ነበር፤ የማታ ትምህርት ደብተሯ ጭቃው ውስጥ ተዘርግቶ ወድቆ በእርሳስ የጻፈችው ይታይ ነበር። ሌባ አይቀመጥም አለ አንድ ሰው። እሷ አላለቀሰችም፤ ደብተሩን አንስታ በቀሚሷ ጠረገችውና ሻንጣዋን ዘግታ ወደ ቡሌ መኪናዎች መቆሚያ ሄደች። ያኔም መናገር እችል ነበር። እናቴ እጄን ይዛለች፣ አፌ አለ፣ ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ብርጭቆው እንዳይሰበር ቅርጫቱን ጠበቅ አድርጌ ይዤ ቆምኩ።

ባቡሩን ከዚያ በኋላ አልተጫወትኩበትም፤ አልጋ ሥር ገፍቼ ተውኩት። እናቴም ያንን በር ዳግመኛ አላንኳኳችም። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፣ አልገሠጸችኝም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እስካረፈችበት ቀን ድረስ፣ ቁልፍም ይሁን መልእክት፣ «በሆድሽ ያዢልኝ» ብላኝ አታውቅም።

እኔ ዛሬ መታወቂያ ነው የምሠራው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረት እሰማለሁ፤ የእኔ እውነት ያደረው ሃያ ሁለት ዓመት ነው። ባለፈው ክረምት አንዲት ሴት ልጇ ዘንድ ለመኖር ከቡሌ መጥታ ተሰለፈች። ባልደረባዬ በቀይ ጥፍሯ እያመለከተች ጣትሽን እዚህ አድርጊ ትላታለች፤ ሴትዮዋ ታደርጋለች፣ ማሽኑ አይቀበልም። ዓመታት እንሰት የፋቀ ጣት መስመሩ ይጠፋል። አውራ ጣቷን መስታወቱ ላይ አሳርፋ ቀስ ብላ ወዲያና ወዲህ ስታስኬደው ነው አስቴር የሚለውን ስሟን ከወረቀቱ ላይ ያነበብኩት።

የሚያውቅሽ ሰው ምስክር አምጪ አለቻት ባልደረባዬ። ገና መምጣቷ ነበር፣ ማንንም አታውቅም።

«እኔ አውቃታለሁ» አልኩ።

ወደ እኔ ዞረች። «ከየት ነው የምታውቂኝ?»

«ና እና ት» አልኳት፤ «ት አንገቱ ጠማማ ነበር።»

ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ማጉረምረም ጀምሮ ነበር። እሷ እጇን ከማሽኑ ላይ አንስታ በነጠላዋ ጠረገችው።

«ያን ቀን በጣቴ አግኝቼዋለሁ» አለች። «ቀለሙ ሥር ነበር። ግን ምልክቱ ልጄ ጋ ነው አሉ እናትሽ። አንቺ እስክትናገሪ ጠበቅሁ።»

ባቡሩ አሁንም ቤቴ አለ፣ ላምጣልሽ አልኳት። ምን ያደርግልኛል አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ምስክር በሚለው ቦታ ላይ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ፣ ወረቀቷን አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

ዛሬ ሰው እኔ ነኝ ቢል ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ ጣት ያስፈልጋል። ያኔ ግን ጣቷ እውነቱን ነክቶት ነበር፤ የበቃው የእኔ ቃል ነው።