ጋሼ ማን ነካው

ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱና ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ናቸው ብል ብዙ አላጋነንኩም። እኛ ቤተ ሙከራው ውስጥ ያለን ሰዎች ጋሼ ማን ነካው ነበር የምንለው፤ ፊት ለፊት ጋሼ፣ ዞር ሲል ሙሉውን። ጠዋት በሩን ከፍቶ ሲገባ ከሰላምታ በፊት ከአፉ የሚወጣው ይኸው ጥያቄ ነበርና። ወንበሩ ዞሮ ካገኘው፣ "ማን ነካው?" የሻይ ብርጭቆው ካስቀመጠበት ፈቀቅ ብሎ ካየው፣ "ማን ነካው?" አንድ ቀን የግድግዳው ሰዓት ባትሪ ጨርሶ ቢቆም እንኳ ወደ እኔ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

ሥራችን ራሱ ጥርጣሬ ይወዳል፤ እሱን አልክድም። የምንሞክረው፣ ከፍተኛ ኃይል በተሸከመ ሽቦ ውስጥ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍ ሽቦውን ሳይነኩ በሌዘር ብርሃን መለካትን ነው። በሽቦው ዙሪያ ቀጭን የብርጭቆ ክር ተጠምጥሟል። ብርሃኑን በክሩ ውስጥ እንልከዋለን፤ በሽቦው ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ብርሃኑ የሚርገበገብበት አቅጣጫ ትንሽ ይዞራል፤ ያቺን መዞር ለክተን የኤሌክትሪኩን መጠን እናውቃለን። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲሠሩት ግን ብርሃኑ ከአንዱ መስታወት ወደ ሌላው እየነጠረ መጥቶ በመርፌ ቀዳዳ ከመግባት በባሰ ጭንቅ ከክሩ አፍ መግባት አለበት። መስታወቱ ለዓይን በማይታወቅ ልክ ከዞረ የወራት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

በዚያ ላይ የእኛ ሌዘር ዓይን የማያየው ዓይነት ነው። የት እንዳረፈ ለማወቅ በክሩ አፍ ፊት መሃሉ ላይ የመስቀለኛ መስመር ያለበት፣ አብዛኛውን ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ካርድ እናቆምና በአንድ ዓይን በሚታይበት መመልከቻ ቱቦ እናየዋለን። ብርሃኑ በቱቦው ውስጥ እንደ አረንጓዴ ነጥብ ይታያል። ነጥቡ መስመሮቹ የሚገናኙበት ላይ ከተቀመጠ ሰላም ነው። መስታወቶቹና ቱቦው የጋሼ ነበሩ። ከክሩ ወዲያኛው ጫፍ የሚወጣውን ብርሃን የምትለካው ሜትር የእኔ ነበረች። እሱ መስታወት ሲያዞር እኔ ቁጥር እጠራለታለሁ፤ ቤተ ሙከራው ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ነው የኖርነው።

ይህ ሰው ጥርጣሬን ያመጣው ከቤቱ ነው። አባቱ ሰዓት ጠጋኝ ነበሩ። ደንበኛው "የሰዓቴን ሆድ ዕቃ ለወጡብኝ" ብሎ እሳቸውን ይጠረጥራል፤ እሳቸው ደግሞ "ቤቱ ሄዶ ፈታቶ አበላሽቶ ሊመልስብኝ ነው" ብለው ደንበኛውን ይጠረጥራሉ። ስለዚህ ክዳኑን በዘጉ ቁጥር ብሎኑ ላይ የቀለም ጠብታ ያሳርፉበታል። ቀለሙ ከተሰነጠቀ ሰው ነክቶታል፣ ካልተሰነጠቀ አልነካውም፤ ክርክር የለም። ልጅየው እግራቸው ሥር ተቀምጦ ያደገው አባቱ አጉሊውን መነጽር ቀኝ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ሲጎነበሱ እያየ ነው። ሲያድግ እሱም ግራውን ጨፍኖ በቀኙ ማየት ለመደ። "ይቺ ዓይን የአባቴ ናት፤ ዋሽታኝ አታውቅም" ይል ነበር፣ የዓይኑን ሽፋን በጣቱ መታ መታ እያደረገ።

ሥራ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ተቀይሜውም ቢሆን ይህን እናገራለሁ። መጀመሪያ የነገረኝ ምን ነበር መሰላችሁ? "እህት ዓለም፣ አንድ ነገር አየሁ ካልሽ ብርሃኑን ጋርጂው። ተጋርዶም ያው ከሆነ፣ ያየሽው ከብርሃኑ የመጣ አይደለም። ወይ ሜትሩ ነው የሚያሞኝሽ፣ ወይ ራስሽ ነሽ።" እስከ ዛሬ ጥቁር ካርድ ከኪሴ አይጠፋም።

ነገሩ የጀመረው የኤሌክትሪክ ድርጅት ሰዎች ሥራችንን ሊያዩ የሚመጡበት ጊዜ ሲቃረብ ነው። አንድ ጠዋት ጋሼ መመልከቻውን ዓይኑ ላይ አድርጎ ቆየ፣ ቆየና፣ "ማን ነካው?" አለ። ለምዶብኝ ሜትሬን ማንበቤን ቀጠልኩ።

"ነጥቡ ቦታው ላይ የለም። መስታወቱን ሰው አዙሮታል።"

"ሜትሩ እኮ ሙሉ ነው፣ ጋሼ። ትናንት እንደነበረው።"

አልሰማኝም። መስታወቱን ነጥቡ እስኪታየው ድረስ አዞረው። ሜትሬ ሽምቅቅ አለች። ቁጥሩን ብነግረው "ሜትርሽን አስመርምሪ" አለኝ። ከሰዓት በኋላ ስንጨቃጨቅ ውለን፣ አስፈቅጄው፣ ዓይኑ እያየ መስታወቱን ሜትሬን እየተከተልኩ መለስኩት። ቁጥሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጋሼ ግን ፊቱ አልተመለሰም።

በማግስቱ እያንዳንዱ የማስተካከያ ብሎን ላይ ቀይ ጠብታ አየሁ። የጥፍር ቀለም ነው፤ ከሚስቱ መሳቢያ አንስቶ ያመጣው። ወዲያው ሚስቱ ደወለችልኝ።

"እህቴ፣ እንደው እውነቱን ንገሪኝ። ባሌ የጥፍር ቀለሜን ይዞ የወጣው ለማን ነው?"

"ለብሎን ነው፣ እትዬ።"

"ብሎን ደግሞ ማን ናት?"

እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሳቄ ግን ብዙ አልቆየም። ቀለሙ በተቀባ በማግስቱ ጋሼ በቱቦው አየና ድጋሚ "ማን ነካው?" አለ። ብሎኖቹን ራሴ አየኋቸው፤ አንዱም አልተሰነጠቀም። "ይኸው፣ ማንም አልነካውም" ስለው ብሎኑን ትቶ ጣቶቼን አየ። የእኔ ነገር! እሁድ ዕለት ታናሽ እህቴ የፀጉር ቤቷ ውስጥ አስቀምጣኝ "እስኪ እንደ ሰው ልሥራሽ" ብላ ጥፍሬን ቀብታኝ ነበር። ቀይ። ያው ቀይ።

"ከነካሽው በኋላ መልሰሽ ቀባሽው" አለኝ።

በዚያው ቀን ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገባ። ሥራውን ለብቻዬ ላደርገው እንደምፈልግ፣ እንግዶቹ ሲመጡ እሱን ላዋርደው እንደማሴር ተናገረ። ኃላፊያችን ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ጠርቶኝ "ነገ ጠዋት ሁለታችሁንም እሰማለሁ። ጥፋቱ ያንቺ ከሆነ ዕቃ ግምጃ ቤት ትገቢያለሽ" አለኝ። ዕቃ ግምጃ ቤት ማለት መስኮት የሌለው ምድር ቤት ነው፤ ጓንትና አምፖል መቁጠር። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ከትምህርት ቤት እንደወጣሁ እዚሁ ገብቼ እዚሁ ነው ሰው የሆንኩት።

እኔም በተራዬ ጠረጠርኩ። እዚህ ላይ ጨዋ ነበርኩ ብዬ አልዋሽም፤ በጣም ክፉ ነገር ነው የጠረጠርኩት። ሆን ብሎ ነው አልኩ። እንግዶቹ ሲመጡ ስሜ ከስሙ ጎን እንዳይቆም ራሱ እያበላሸ እኔ ላይ ይለጥፋል አልኩ። ጠዋት ጠዋት ትከሻውን እንዴት እንደሚያዞርብኝ፣ መመልከቻውን ለማንም እንደማይሰጥ፣ ሁሉም ትርጉም አገኘ። እጅ ከፍንጅ ልይዘው ቆረጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ "ጋሼ፣ ነገ ከመግባታችን በፊት እስኪ አንዴ አብረን እንየው" አልኩት።

ሜትሩ ሙሉ ነበር። ጋሼ የመከላከያ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋው፤ መነጽሩ ከቱቦው ጋር ስለማይመች ሁላችንም እንዲህ ነበር የምናደርገው። ግራ ዓይኑን ጨፈነ። ቱቦውን ቀኙ ላይ አደረገ።

"የለም። ነጥቡ የለም።"

"መስመሮቹስ?"

"መስመሮቹ ደህና ናቸው። ነጥቡ ነው የሌለው።"

ጥቁሩን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ በብርሃኑ መንገድ ላይ ቀስ ብዬ አቆምኩት። ሜትሬ ዜሮ ገባች።

"አሁንስ?"

"ያው ነው። ምን ይለወጣል?"

ካርዱን አነሳሁት። ሜትሬ ሞላች። "አሁንስ?"

"ያው ነው አልኩሽ እኮ! ትቀልጃለሽ እንዴ?"

ቱቦውን ከእጁ ተቀብዬ አየሁ። አረንጓዴው ነጥብ መስመሮቹ መገናኛ ላይ ቁጭ ብሏል፤ እንዲህ አምሮ ተቀምጦ አያውቅም። ሰውየው የሚዋሸኝ ቢሆን ኖሮ ብርሃኑ ሲጋረድና ሲገለጥ ቢያንስ አንዴ ይደናቀፍ ነበር። እሱ ግን ለውጡን ጨርሶ አላየውም። 

"ጋሼ፣ በግራ ዓይንህ እየው።"

"ለምን?"

"እየው ብቻ።"

አላየም። ቱቦውን ተቀብሎኝ የተኛ ሕፃን እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ ገባኝ። ያውቅ ነበር።

"መፍቻው ነው" አለ። "መነጽሩን ግንባሬ ላይ አድርጌ መስታወት ሳጠብቅ የመፍቻው ብረት ብርሃኑ መንገድ ላይ ገባብኝ። ቋ የሚል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሰማሁ። አላመመኝም። ያልፋል ብዬ ተውኩት።"

"ሐኪም ጋ አልሄድክም?"

"ዓይኑ የተበላሸ ሰው እዚህ ክፍል ያስገቡታል? ከዚህ ወጥቼ ምን እሆናለሁ?" የቀኝ ዓይኑን ሽፋን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "እርግጠኛ አልነበርኩም። ጠርጥሬ ነበር። ዓይኔን ከመጠርጠር ሰው መጠርጠር ቀለለኝ።"

"ሰው ማለት እኔን?"

"ቅርብ የነበርሽው አንቺ ነሻ።"

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ የተናደድኩበት ጊዜ የለም። ላንቀው ፈለግሁ፤ ላቅፈውም ፈለግሁ። "ለማንም አትንገሪብኝ" ሲለኝ "እኔ ትንፍሽ አልልም። ነገ ራስህ ትናገራለህ" አልኩትና ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ይናገራል ብዬ ግን አላመንኩም። ቤት ገብቼ ጥፍሬን ስፈገፍግ፣ ተኝቼ ስገላበጥ፣ የሚታየኝ እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ሲክደኝ ነበር። ምስክር የለኝም። ዓይኑ ውስጥ ገብቶ የሚያይልኝ ማን አለ?

ጠዋት ከኃላፊያችን ጠረጴዛ ፊት ተቀመጥን። ጋሼ ክራቫት አስሯል። ለሐዘን ይሁን ለክስ አላወቅሁም። እኔን ግን አላየኝም፤ መጥፎ ምልክት ነው አልኩ በልቤ።

"እሺ" አለ ኃላፊያችን። "ማን ነካው?"

ሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር።

"ብሎኖቹን ቀለም ቀብቻቸው ነበር" ብሎ ጀመረ ጋሼ። በቃ፣ ስለ ጥፍሬ ሊናገር ነው አልኩና ወንበሩን ጨበጥኩ። "ቀለሙ አልተሰነጠቀም። ካልተሰነጠቀ ማንም አልነካውም ማለት ነው። አባቴ ቢሆኑ በመጀመሪያው ቀን ያውቁት ነበር።" ክራቫቱን አላላ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የቀኝ ዓይኔ መሃሉ ጠፍቷል። ነጥቡን ስለማላየው የተዛባ እየመሰለኝ፣ ደህናውን አዛባው ነበር።"

ኃላፊያችን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ወደ እኔ ዞሮ "አንቺ ታውቂ ነበር?" አለኝ።

"እሷን አይጠይቋት" አለ ጋሼ ቀድሞኝ። "በእሷ ላይ የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት ነው። እንደዚያ ብለው ይመዝግቡልኝ።"

ሐኪሙ ዓይኑ እንደማይመለስ ነገረው። መስመሮቹ ደህና ሆነው ነጥቡ ብቻ የሚጠፋው፣ አንጎል የጎደለውን መስመር ራሱ ቀጥሎ ስለሚሞላ ነው አለው፤ ነጥብን ግን ከየት አምጥቶ ይሙላው? ጋሼ ይህን ሲነግረኝ "አየሽ፣ ራሴ ውስጥ ያለውም ያጭበረብራል" አለኝና የመጀመሪያ ሳቁን ሳቀ። እንግዶቹ መጡ፣ ሙከራው ሠራ፣ አጨበጨቡልን። እሱ ከኋላ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው። እኔን ሊከትበት የነበረው መስኮት የለሽ ክፍል ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። ደስ ያለኝ መስሏችሁ ከሆነ፣ አላለኝም። የመከላከያ መነጽር የሚሰጠው እሱ ነውና ጠዋት ጠዋት ሳላየው ወደ ሌዘሩ ክፍል አልገባም። መነጽሩን ግን እንዲሁ አይሰጠኝም። የመስቀለኛ መስመር የሣለባቸው ካርዶች አሉት፤ አንዳንዶቹ መሃላቸው ላይ አረንጓዴ ነጥብ አለ፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። አንዱን መዝዞ ፊቴ ላይ ያቆማል።

"ግራሽን ሸፍኚ። ነጥብ አለ?"

"አለ።"

ካርዱን ይቀይራል። "አሁን ቀኝሽን። አለ?"

"የለም።"

"ትናንት ያልሽውን እየደገምሽልኝ እንዳይሆን!"

"ኧረ የለም፣ ጋሼ!"

ወዲያው አያምነኝም። ካርዱን ወደ ራሱ ያዞርና በግራ ዓይኑ ብቻ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ረጅም ጊዜ ያየዋል። ከዚያ መነጽሩን በገዛ እጁ ዓይኔ ላይ ያጠልቅልኛል፤ ማሰሪያውን ከኋላ ያጠብቅና፣ ጠብታ ቀይ ቀለም ማሰሪያው ላይ ያሳርፍበታል። ማታ ስመልስለት መጀመሪያ የሚያየው ጠብታው ተሰንጥቆ እንደሆነ ነው።